የባንቺይርጋ በርጩማ

የአገሬን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እኔን ነው የነካኸኝ» የሚል አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ጣጣ አልፈልግም። ይልቅ የጋሽ ይርዳውን ነገር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን የበርጩማን ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ አገር ሰው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይጠረብለትና ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ይቀመጥለታል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ማለት ያ በርጩማ ነው። ሲያገባ የሚስቱ በርጩማ ከጎኑ ይሆናል። ሲሞት በርጩማው እዚያው ይቆያል፣ ማንም አይቀመጥበትም፤ ግቢው ውስጥ የሚቀበረውም በርጩማው ከማን ጎን እንዳለ ታይቶ ነው። ክርክር ሲነሣ እጅ ማውጣት የሚባል ነገር አናውቅም። በነገሩ የተስማማ በርጩማውን አንሥቶ ወደ ተናጋሪው ወገን ይሄዳል። በርጩማውን ይዞ ከበሩ የወጣ ደግሞ ወጣ፤ አለቀ። የወጣ በርጩማ የሚመለሰው ውስጥ ከቀሩት በርጩማዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ተነሥተው «ይመለስ» ወዳለው ወገን ከሄዱ ብቻ ነው። እንዲህ ተደርጎ ግን አያውቅም።

ከእኛ በላይ እናት ቤት አለች፤ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ናት። እዚያ ባለ በትር ይቀመጣል። የሚያጋባንም የሚቀብረንም ባለ በትሩ እጁን የጫነበት ሰው ነው። በባለ በትሩ ላይ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረው ጭኖበታል፣ በዚያኛውም ላይ የቀደመው፣ እንዲያ እንዲያ እያለ እስከ መጀመሪያው እጅ ይደርሳል። የመጀመሪያው እጅ የማን እንደነበር አያቶቻችን ያውቁ ነበር ይባላል።

ታዲያ አንድ ቀን ከእናት ቤት ደብዳቤ መጣ። «ከእንግዲህ ባለ አራት እግር በርጩማም እንደ ባለ ሦስቱ ይቆጠራል» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። በከተማችን ባለ አራት እግር በርጩማ አንድም አልነበረም፤ አይቼ አውቃለሁ የሚልም የለም። ቢሆንም ደብዳቤው ሲነበብ ሰው አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሦስት እግር ተቀምጦ ነው የሞተው፤ አሁን «አራትም ያው ነው» ሲሉኝ አባቴን ከንቱ ያሉብኝ መሰለኝ።

ይሄኔ ማንደፍሮ ተነሣ። ማንደፍሮ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው፤ የወፍጮ ድምፅ ስለለመደ ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም። ክፉ ሰው ግን አይደለም። እንውጣ አለ። እናት ቤት ናት የወጣችው እንጂ እኛ አይደለንም፣ እኛ በር ብናልፍም ያለነው እዚያው ነው አለ። ይህ ነገር ያን ጊዜ በጣም ግልጽ ሆኖ ታይቶን ነበር።

ጋሽ ይርዳው የቤቱ በር ጠባቂ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቁልፉን አርባ ዓመት በወገቡ ይዞታል። ልጅ አልወለደም። ሚስቱ ባንቺይርጋ ከሁለት ዓመት በፊት ሞታ ግቢው ውስጥ ከዋርካው ሥር ተቀብራለች። ከመቃብሯ በስተግራ ለእሱ የተተወ ባዶ መሬት አለ፤ እሱ ራሱ ነው ሣሩን የሚያጭደው። በርጩማዎቻቸውም ጎን ለጎን ናቸው። በተጋቡ ዓመት ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሁለቱንም የጠረባቸው እሱ ነው፤ እናታቸው አንድ ስለሆነ አይለዩም። የእሷን ከላይ በስንዴ ዛላ ላስጊጠው ቢላት «ሰው ያየኛል፣ ከታች ይሁን» ብላው ከሥሩ ነው የቀረጸው። ከሁለቱ በቀር ያንን የሚያውቅ ያለ አይመስለውም ነበር።

የመውጣት ነገር ሲነሣ ሁላችንም ስለ እግር ስናስብ ጋሽ ይርዳው የሚያስበው ስለዚያች ባዶ መሬት ነበር። ቢወጣ ከባንቺይርጋ ጎን መቀበሩ ይቀራል። ቢቀር ደግሞ ጎረቤቱ በሙሉ ወጥቶ ማን ይቀብረዋል? አስከሬን በራሱ እግር አይሄድም። እንቅልፍ አጣ፣ እህል አልወርድ አለው። ምክር የጠየቀው ሁሉ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይለዋል፤ ሰው ግን በሁለት በርጩማ አይቀመጥም። በመጨረሻ ማንደፍሮ ዘንድ ሄደ። ማንደፍሮም ግቢውን ያጠሩት አባቶቻችን ናቸው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እናስመልሰዋለን፣ አንተ ዝም ብለህ ከሰው ጋር ሁን ብሎ ሸኘው። ጋሽ ይርዳውም ከሰው ጋር ለመሆን ቆረጠ።

የወጣን ዕለት መቶ አርባ ሦስት ነበርን። ሁሉም በርጩማውን በራሱ ላይ ተሸክሞ በአንድ በር ሲጋፋ፣ አንዱ የአንዱን ግንባር በእግር ሲወጋ፣ ጋሽ ይርዳው በሩን በጀርባው ደግፎ ይዞ ቆሟል። እጅ የተጫነባቸው ብቸኛው ሰው አባ ውቤ እኛን ሲያዩ ቆይተው በቅሏቸውን ጭነው ወደ እናት ቤት ሄዱ፤ እጁም አብሯቸው ሄደ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ማንደፍሮ ከውጭ «ጋሼ፣ ቶሎ!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ይርዳው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ገብቶ፣ አንሥቶ፣ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ያፈሰሰውን ለመልቀም ስንት ወር እንደፈጀበት አሁን ትሰማላችሁ።

የሽንኩርት መጋዘን ተከራየን። መጀመሪያ ሰሞን ጸሎታችን በጣም የሚያስለቅስ ሆነ፤ መንፈሱ ነው ብለን ደስ አለን፣ ኋላ ሽንኩርቱ መሆኑን ደረስንበት። በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ይርዳው ተቀምጦ እየጸለየ ሳለ እጁ ከበርጩማው ሥር ገባ። ጣቱ የስንዴ ዛላውን ነካ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፍሬ ቆጠረ። ይዞ የወጣው የእሷን ነው። በሕጉ መሠረት እሱ ቀርቷል፤ የወጣችው ባንቺይርጋ ናት።

ለማንም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ሆዱ ግን ነቀዘ። በመንገድ የማያውቀውን ሰው ባየ ቁጥር ከእናት ቤት የተላከ እየመሰለው መንገድ ይቀይራል። «ማንም አያገላብጠውም፣ ማንም አያውቅም» ይላል ለራሱ። በእሷ በርጩማ ላይ መቀመጥ ስለፈራ ደግሞ ጸሎቱን ቆሞ ያደርስ ጀመር። ሰው ትሕትና ነው ብሎ አደነቀው።

በሌላ በኩል የእኛ ቤት ነገር ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። እጅ የለንም፤ ሰው ማጋባት አንችልም፣ መቅበርም አንችልም። ከሦስት በረሃ ማዶ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ብቻ የሚያውቅ ሌላ ባለ በትር አለ ሲባል ሰምተን እጁን እንዲጭንልን ጻፍንለት። ደግ ሰው ነው፣ አልናቀንም። መንገዱ ስለማይቻል የመዳፉን ቅርጽ በወረቀት ላይ ስሎ ላከልን፤ ወረቀቱን በምንመርጠው ሰው ራስ ላይ እንድናደርግ ነው። እልልታው ጣሪያ ነካ። ወረቀቱን ለመጫን ስንነሣ ግን አንዲት ሴትዮ ይሄ ግራ እጅ ነው አለች። ሌላው ገልብጦ አሳያት፤ ቀኝ ሆነ። እሷም መልሳ ገለበጠችው። በዚያው ሳምንት የቀኝ ቤትና የግራ ቤት ሆንን።

ከቀኝ ቤት ደግሞ፣ ቀኝ እጁን የሳለው በግራው ይዞ መሆን ስላለበት ሥራው የግራ ነው የሚሉ ወጡ። ከነዚያ ውስጥ በርጩማ ቆዳ ይለበስ የሚሉ ተለዩ። ቆዳ ከለበሱት ደግሞ ከሴት ፍየል ቆዳ አይሆንም የሚሉ። በጠቅላላው ሰባት ሆንን። እኔ አምስተኛው ውስጥ ነበርኩ። ማንደፍሮ ከሁሉ አንዱንም አልመረጥኩም ብሎ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከሚስቱና ከሁለት አማቾቹ ጋር ሰባተኛውን አቋቋመ። ስለ አራተኛው እግር የሚያወራ ጠፋ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የእናት ቤት በርጩማ ቆጣሪ መጥቶ፣ የተዘጋውን ቤት በእናት ቤት ቁልፍ ከፍቶ፣ ሁሉን እያገላበጠ ቆጥሮ ሄዶ ኖሯል። የቆጣሪው መጽሐፍ ላይ የባንቺይርጋ የስንዴ ዛላ ድሮውኑ ተጽፏል፤ እዚያ የቀረው በርጩማ ግን ሥሩ ልሙጥ ነው። በወሩ መጨረሻ ለጋሽ ይርዳው ደብዳቤ ደረሰው። እኔ ነኝ ያነበብኩለት፤ የእሱ ዓይን ደክሟል። ደብዳቤው በመልካም አባባል የተጻፈ ነው። ጋሽ ይርዳው ከመንደሩ ሕያዋን ብቸኛው ታማኝ ሆኖ በመገኘቱ እናት ቤት ምስጋናዋን ታቀርባለች ይላል። ቀጥሎ፣ ሟች ባንቺይርጋ ከቤቱ የወጡ ስለሆነ አስከሬናቸው በሠላሳ ቀን ውስጥ ከግቢው እንዲነሣ ይላል። በዕለቱ ቆጣሪው ከቆፋሪዎች ጋር ይመጣል።

እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት። ከዚያ እውነቱን ነገረኝ። «በገዛ እጄ አወጣኋት» አለኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ ይህንን ደግሞ እንዳልነግረው አፌን ያዝኩ።

በማግስቱ ዱላውን ይዞ ለእናት ቤት ተነሣ። ሁለት ቀን የሚሄደውን መንገድ እሱ አራት ቀን ሄደው፤ ደርሶም ተራው እስኪደርስ አሥራ ሦስት ቀን ደጅ ጠና። እዚያ ያለው ጸሐፊ ትሑት ሰው ነው፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ተቀበለው። በስሕተት ነው፣ የኔን ትቼ የእሷን አንሥቼ ነው ቢለው፣ በርጩማ አይሳሳትም አለው። መመለስ ይቻላል፣ ጉባኤው ከፈቀደ ትመለሳለች አለው።

«ጉባኤው የታለ?» አለ ጋሽ ይርዳው።

«እርስዎ ነዎት» አለ ጸሐፊው። «ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሙታን ጋር። መቶ ሰባት በርጩማ መነሣት አለበት።»

የሟች በርጩማ ደግሞ ከትዳር ጓደኛውና ከሥጋ ዘመዱ በቀር ማንም አያነሣውም። ጋሽ ይርዳው ቤቱ ውስጥ ያሉት ሙታን አባቱ፣ እናቱና አንድ ወንድሙ ናቸው። ከራሱ ጋር አራት። የሌሎቹ ዘመዶች ሁሉ የወጡ ናቸው፣ ተመልሰው መግባት ይችላሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጸሐፊው መጽሐፍ አገላብጦ፣ በርጩማ ያልያዘ ሰው ገባም ወጣም አይባልም፣ እንደ ነፋስ ነው አለው። ነፋስ የአባቱን በርጩማ ማንሣት ይችላል ወይ ሲለው፣ ዘመድ ከሆነ ይችላል አለው።

ተመልሶ ሲመጣ የቀረው ስምንት ቀን ነው። እግሩ አብጦ ነበር። ሰባቱንም ቤት ዞረ። ቀኝ ቤቶች ግራ ቤትም ትሄዳለህ ወይ ብለው ጠየቁት፤ ውሸት ስለማይችል እዚያም እሄዳለሁ አላቸው፤ አኮረፉት። ግራ ቤት የእናት ቤትን ደፍ ከረገጥን እናት ቤት ልክ ናት ማለታችን ነው አሉ። የኔ ቤት ለማሰብ ሦስት ሱባዔ ጠየቀ፤ ሦስት ሱባዔ ማለት ሃያ አንድ ቀን ነው። እፍረት ተሰማኝ፣ ግን እኔም ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ፣ ፈርቼ ነበር። እሺ ብለው ቤቴ ያወጣኛል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ሁለተኛ መውጣት አልፈለግኩም።

መጨረሻ ላይ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። ማንደፍሮ ወፍጮውን አላቆመም፤ ሰው መስማት ካልፈለገ እንደዚያ ያደርጋል። ጋሽ ይርዳው እህሉ አልቆ ወፍጮው እስኪቆም በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ እንዲህ አለው፦

«ማንደፍሮ፣ ተመለስ አልልህም። እናትህን ካለችበት አንሥተህ ወዲያ ማዶ አድርግልኝ ነው የምልህ። ባንቺይርጋን ሊያወጡብኝ ነው።»

ማንደፍሮ ዱቄቱን ከእጁ አራገፈ። ከዚያም፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ቶሎ በል ብዬ የጮህኩብህ እኔ ነኝ» አለ። እመጣለሁም አላለም፣ አልመጣምም አላለም።

በሠላሳኛው ቀን ቆጣሪው ጠዋት ደረሰ። አብረውት የመጡት አራት ቆፋሪዎች ዋርካው ሥር መሣሪያቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። ጋሽ ይርዳው ቤተ ጸሎቱን ከፈተ፣ በሩን በድንጋይ ደገፈ፣ ገባ። የእሷን በርጩማ ከደፉ ውጭ አስቀምጦታል። «ባንቺይርጋ ትመለስ የሚል ወደዚህ» ብሎ በቀኝ በኩል ቆመ። ቤቱ ውስጥ ከእሱና ከቆጣሪው በቀር ማንም አልነበረም። የራሱን በርጩማ አመጣ። የአባቱን አመጣ። የእናቱን። የወንድሙን። ቆጣሪው አራት ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ጋሽ ይርዳው በሩን እያየ ጠበቀ። እኔ አጥሩ ጥግ ነበርኩ፤ ሌሎችም ነበሩ፣ ሁላችንም በአጋጣሚ በዚያ የምናልፍ መስለን። ፊቱን አየሁት። ሰው እንዲህ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ሞት ቢመጣበት እንዲህ አይፈራም ነበር፤ የፈራው ከሞተ በኋላ የሚሆነውን ነው።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። የአባቴን በርጩማ አነሣሁ። ከባድ ይመስለኝ ነበር፤ ምስጥ ስለበላው እንደ ቅል ቀልሏል። ወስጄ ጋሽ ይርዳው አጠገብ አስቀመጥኩ። ዞር ስል ያቺ «ግራ እጅ ነው» ያለችው ሴትዮ የባሏን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ከእሷ ኋላ የቀኝ ቤት ሰው። ከዚያ ሰው መጣ። ማንም ማንንም ሰላም አላለም። የየራሱን ሙታን በእቅፉ ይዞ፣ የሌላውን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለስ ጀመር። ማንደፍሮ የእናቱን በርጩማ ሲያነሣ በነጠላው አቧራውን ጠረገ፤ ሲጠርግ ብዙ ቆየ።

መቶ ሰባት ሲሞላ ቆጣሪው ይበቃል አለ። የሰማው የለም። ሰው ማንሣቱን ቀጠለ፤ አንድም ሟች በግራ በኩል ሳይቀር ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ተሻገሩ። ጋሽ ይርዳውም ወጥቶ የእሷን በርጩማ አመጣ፣ ገልብጦ ስንዴውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ከራሱ ጎን አኖራት። ቆፋሪዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ሄዱ።

ታረቃችሁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልታረቅንም። እንደወጣን ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ ሰባት ነበርን፣ ሰባት ቀረን። እኔን ለሦስት ወር ከቤቴ አገዱኝ። ጋሽ ይርዳው ደግሞ የእሷን ነገር ከጨረሰ በኋላ የራሱ ፍርሃት ተመለሰበት። ሙታኑ ሁሉ ከእሱ ጋር ናቸው፣ ግን ሙታን ቃሬዛ አይሸከሙም። ባገኘኝ ቁጥር «ማን ያነሣኛል?» ይለኛል። እኔም «እግዜር ያውቃል» እለዋለሁ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ቁልፉ ወገቡ ላይ ነበር። ሰባቱ ቤቶች ሽማግሌዎቻቸውን ልከው ደጁ ላይ ተሰበሰቡ፤ የየአንዳንዱ ሕግ የራሱን በርጩማ ብቻ ቅበር ይላል፤ ጋሽ ይርዳው ደግሞ የማንም አይደለም። እናት ቤትም እጅ የተጫነበት ሰው የምትልከው ሕያዋኑ ከአሥራ ሁለት ሲበልጡ ነው፤ አሁን አንድም የለም። ሽማግሌዎቹ ይህንን ሲያስረዱ ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀች። ይሄኔ ማንደፍሮ ቃሬዛ ተሸክሞ በመንገዱ ብቅ አለ። ከሰውየው ደጅ አስቀመጠና አንዱን ጫፍ ይዞ ቀና ብሎ አየን። እኔ የቃሬዛውን የግራ እግር ያዝኩ።

ተሸክመን ስንሄድ በየትኛው ዜማ እንደምንሸኘው ስላልተስማማን ዝም ብለን ሄድን። ከዋርካው ሥር ከባንቺይርጋ በስተግራ አወረድነው፣ አፈር መለስን። የመቅበሪያውን ቃል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ግን እጅ የተጫነበት ሰው ከመካከላችን የለም። አንድ ሰው ይጀምር ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ሁሉም እንደኔ ይጠብቅ ነበር።

እኛ መውጣት የምናውቅ ሰዎች ነን። መቼ እንደሚወጣ፣ በየት በኩል፣ ማን አስቀድሞ፣ ለዚህ አስተማሪ አያሻንም። ያን ቀን ግን ከግቢው በር ቀድሞ የሚወጣ ጠፋ። የምንቀመጥበት በርጩማ አንድም ሰው አልያዘም። ማንደፍሮ እንኳን አልተናገረም። እግራችን ዝሎ፣ ፀሐይ አዘቅዝቃ የዋርካው ጥላ የሁለቱንም መቃብር እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ቆመን ነበር።